የገመዳ አውራ ጣት

ባሌ ገመዳ ጊታር ይገርፋል። ይጫወታል ያላልኩት አውቄ ነው። መዝሙሩ የደስታም ይሁን የንስሐ፣ ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ እሱ ፒኩን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ መግረፍ ነው። ፒክ የሚሉት የጊታር መምቻውን ነው፤ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ፕላስቲክ። ቤታችን ውስጥ ያልተገኘችበት ቦታ የለም። ልብስ ማጠቢያው ውስጥ፣ ሶፋው ስር፣ አንድ ጊዜማ ሽሮ ወጥ ውስጥ አግኝቻታለሁ።

ሥራው ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ኤቨረት ነው፤ አውሮፕላን ፋብሪካ። “ክንፍ ነው የምሠራው” ሲል ሰው ሁሉ በአድናቆት ያየዋል። እኔ ደግሞ የገዛ ቁም ሳጥናችን በር ከተገነጠለ ስንት ጊዜው እንደሆነ ስለማውቅ በሆዴ እስቃለሁ። እሁድ ሲሆን ኦቴሎ ሰፈር አጠገብ ካለችው ቤተ ክርስቲያናችን መድረክ ላይ ይወጣና ከእሴይ ኪቦርድ ኋላ ይቆማል።

እሴይ አንድ ሰው አይደለም። በአንድ ጣቱ ከበሮ፣ በሌላው መለከት፣ በክርኑ ደግሞ ምን እንደሚያስነሳ እንጃ። እሱ ባለበት መድረክ ላይ ጊታር መያዝ ማለት ለፎቶ መቆም ማለት ነው። በዚያ ላይ ሳውንዱን የሚቆጣጠሩት ሰዎች የገመዳን ድምፅ ትንሽ ዝቅ፣ ደግሞ ትንሽ ዝቅ ሲያደርጉት ኖረው ጨርሶ ጠፋ። አንድ እሁድ የጊታሩ ገመድ ከሶኬቱ ወልቆ መሬት ላይ ተጋድሞ ነበር። አምልኮው ተጀምሮ እስኪያልቅ ማንም አላየም። ገመዳ ራሱም አላወቀም፤ ላቡን እየጠረገ ወርዶ “ዛሬ እንዴት ነበር?” አለኝ። “ግሩም ነበር” አልኩት። ምን ልበለው?

ገመዳን የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ልጃችን ሃሴት። ትንሽ ሆና ከጭኔ ሾልካ መድረኩ ላይ ትወጣና እግሩ ስር ተቀምጣ ጆሮዋን ጊታሩ ሆድ ላይ ትለጥፋለች። እኔ በኀፍረት እየተቃጠልኩ ጎትቼ ሳመጣት “ማሚ፣ አይ ካንት ሂር ሂም ፍሮም ሂር!” ብላ ትጮሃለች። እዚህ ሆኜ አይሰማኝም ማለቷ ነው። የምእመናኑን ሁሉ እውነት የተናገረችው እሷ ብቻ ነበረች።

ያቺ ልጅ አድጋ ነርስ ሆነች፤ ናኦል ከሚባል፣ ቀኑን ሙሉ ከኮምፒውተር ጋር ተፋጦ ከሚውል ጨዋ ልጅ ጋር ለመጋባት ወሰነች። አንድ ቅዳሜ መጣችና አባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

“ዳዲ፣ ሠርጌ ላይ ስገባ አንተ ብቻ እንድትጫወት ነው የምፈልገው። ኖ ኪቦርድ፣ ኖ ድራም። ጀስት ዩ። አንድ ቀን ሰው ሁሉ እንዲሰማህ እፈልጋለሁ።”

ገመዳ ዓይኑ ውኃ ሞላ። “ምን ችግር አለ!” አለ።

ከዚያ ስልኳን አውጥታ የምትፈልገውን አሳየችው። አንድ ሰው ብቻውን ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ያለ ፒክ፣ በባዶ ጣቱ ይጫወታል። አውራ ጣቱ ወፍራሞቹ ክሮች ላይ እየተመላለሰ ከስር ድም ድም ሲል፣ ሌሎቹ ጣቶቹ ቀጫጭኖቹ ላይ ዜማውን ይለቅማሉ። ዓይን ጨፍኖ ለሰማው ሁለት ሰው ነው። “ላይክ ዚስ” አለች ሃሴት። “ቀላል ነው” አለ ገመዳ።

ልጅቱ መኪናዋን አስነስታ እንደሄደች ሶፋው ላይ ዘጭ አለ። “ባየሽ፣ ይሄን ነገር እኮ አልችለውም።”

“ታዲያ ቀላል ነው ያልካት ምን ነክቶህ ነው?”

“ልጄ ናታ!”

“ደግሞ ይሄ ክራር አይደለም እንዴ? ክራር በጣት አይደል የሚደረደረው?” አልኩት ላጽናናው ብዬ። ክራርና ጊታርን አንድ አደረግሽ ብሎ እስከ እራት አኮረፈኝ።

ትምህርቱን ከኢንተርኔት ጀመረ። አስተማሪው ፂሙ ደረቱ ላይ የወረደ ፈረንጅ ነው፤ የሚያውቀው አንድ ሕግ ብቻ ነው፤ ደጋግሞ ይለዋል። አውራ ጣት ሠራተኛ ነው፤ ሌሎቹ ዘፋኞች ናቸው፤ ዘፋኞቹ ቢሳሳቱ፣ ቢረሱ፣ ጥለው ቢሄዱ አውራ ጣት አይቆምም። ስለዚህ ገመዳ ሌሎቹን ጣቶች ለእርሻ እንዳልደረሰ ወይፈን አስሮ አውራ ጣቱን ብቻ ማሠራት ያዘ። በሀይዌይ ሲነዳ መሪው ላይ፣ ሲበላ ጠረጴዛው ላይ፣ ቴሌቪዥን ስናይ ትከሻዬ ላይ፤ ድም፣ ድም፣ ድም። በአውራ ጣት ቀጥቅጦ ሊገድለኝ ነው ብዬ ነበር።

ቤተ ክርስቲያንም አልቀረለትም። ጸሎት ላይ አንገቱን ደፍቶ ሳለ አውራ ጣቱ ወንበሩ ላይ ድም ድም ይላል። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ጋሽ ክፍሌ፣ ለሰው የሚራሩ ሰው ናቸው፣ ያዩታል። ቀስ ብለው መጥተው የሚንቀጠቀጠውን እጅ በሁለት እጃቸው አፈፍ አድርገው ያዙና ጌታ ይህን ደዌ እንዲነቅልለት እየጮኹ ጸለዩለት። ገመዳ “ጋሽዬ፣ ልምምድ ላይ ነኝ” ማለት አፍሮ “አሜን!” አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ “እጅህ እንዴት ነው?” ይሉታል፤ እሱም “ተመስገን፣ እየተሻለው ነው” ይላል። ይቺ አሜን ኋላ ጉድ አፈላችብን።

አውራ ጣት ሲገራ የዘፋኞቹ ተራ ደረሰ። እነሱ ሲነሱ አውራ ጣት ይደነብራል፤ እሱ ሲነሳ እነሱ ይተኛሉ። ገመዳ እጁን እያየ በኦሮምኛ ይሳደባል፤ ትርጉሙን አልጽፈውም። ቢሆንም ቀስ በቀስ ገባው። የቀረው ድምፁ ነበር። በሥጋ የተነካ ክር እንደ ታፈነ ሰው ነው የሚናገረው፤ በጥፍር ሲነካ ግን ይጠራል። ፂማሙ ፈረንጅ ይህንን ሲናገር ሰማና የቀኝ እጁን ጥፍር ማስረዘም ጀመረ። ያ እንኳን ከእኔ ተደብቆ ነበር፤ ፋብሪካው ውስጥ ግን መሰርሰሪያው አንድ በአንድ ሰበረበት።

ከዚያ አንድ ቀን አብራኝ የምትዘምር ሴት ኮል አደረገችልኝ።

“ባየሽ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን ተረጋጊ። ገመዳን ኦቴሎ ሴቶች ጥፍር የሚሠሩበት ቤት ተቀምጦ አየሁት።”

“ሚስቱን እየጠበቀ ይሆናላ” አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ሚስቱ እኔ መሆኔ ትዝ ያለኝ።

ማታ ቀኝ እጁን ኪሱ ከትቶ ገባ። እራት ቀረበ። በግራ እጁ ሹካ አንስቶ እንጀራውን በሹካ ይወጋ ጀመር። “ገመዳ፣ እጅህን አውጣ” አልኩት። አወጣ። ከአውራ ጣቱ እስከ ቀለበት ጣቱ አራት ጥፍር፣ አርቲፊሻል፣ በኑሮዬ ሙሉ ያላየሁት ዓይነት ጥፍር ተተክሎበታል። ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል “ቀለም አልተቀባሁም” የሚል ነበር። “እንዳያብረቀርቅም ነግሬያታለሁ።”

ደሜ ፈላ። ካፒቶል ሂል ሰፈር ሆቴል ውስጥ አልጋ የማነጥፍ እኔ በዕድሜዬ አንድ ቀን ጥፍር አልተሠራሁም። “የእህል እጅህን! ቢያንስ በግራው አታደርገውም?” “በግራው ክር አይመታማ” አለ። ከዚያ ወደ ጊታሩ ሄዶ ሃሴት በልጅነቷ የምትወዳትን የመኝታ ሰዓት መዝሙር ጀመረ። ዕቃ ልሰበስብ ተነስቼ ሳህኑን እንደያዝኩ ቆምኩ። ከስር ድም ድም፣ ከላይ ያቺ ዜማ፣ ጥርት ብላ። አብሬው ስኖር ስኖር ባሌ ጊታር ሲጫወት የሰማሁት የዚያን ቀን ነው። በጣም ደስ አለኝ፤ ልቤ ሞቀ። ግን ንዴቴ ገና ስላልወጣልኝ “ጥፍርህን ከስሩ በሳሙና እጠበው” ብቻ አልኩት።

አሁን ሽማግሌው ይምጣ። እዚህ አገር ሽማግሌ የሚላከው አዳራሽ ተይዞ፣ ቀሚስ ተገዝቶ፣ የመጥሪያ ካርድ ተበትኖ ካለቀ በኋላ ነው፤ ቢሆንም ወግ ወግ ነው። ሽማግሌ ማሟላትም ቀላል አይደለም፤ አንዱ ሺፍት ይገባል፣ አንዱ ፖርትላንድ ነው። ስለዚህ የናኦል አያት እትዬ አዲስአለም፣ ልጁን ከሕፃንነቱ ያሳደጉት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከሽማግሌዎቹ ጋር ራሳቸው መጡ። እኛም በበኩላችን ጋሽ ክፍሌን አስቀመጥን።

ልመናው አለቀ፣ ልጅቱ ተፈቀደች፣ ማዕድ ቀረበ። ገመዳ ደስታው ገንፍሎ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለና ወደ እትዬ አዲስአለም ዘረጋ። እሳቸውም አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ዓይናቸው ጥፍሮቹ ላይ ዐረፈ። አፋቸው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

ጋሽ ክፍሌ ሊያግዙን ፈለጉ። “አይስጉ እትዬ” አሉ። “እጁን አሞት ነበር፤ አሁን በጸሎት ለቆታል።”

የእትዬ አዲስአለም አፍ ተዘጋ። “እኔ በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ” አሉ። ሳህናቸው አልተነካም። ጉርሻው ገመዳ እጅ ላይ ቀረ፤ ሁሉም እሱን ማየት ትቶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። በመጨረሻ ራሱ ጎረሰው። እንዲያ ያለ መራራ ጉርሻ ሲዋጥ አይቼ አላውቅም።

በነጋታው ናኦል ደወለ። “አያቴ ጋብቻውን አልከለከለችም” አለ። “ግን ሠርጉ ላይ እኔንም ሃሴትንም በዚያ እጅ እንዳያጎርሱን ነው የምትለው። ለጊታር ነው ብዬ ነገርኳት። ሃያ ዓመት በምን ሲመታ ነበር አለችኝ።”

ሃሴት መጥታ “ዳዲ፣ በፒክ ተጫወት። ኢትስ ኦኬ፣ ሪሊ” አለች። ኦኬ እንዳልነበረ ፊቷ ይናገራል። ገመዳ ግን አስቦበት ነበር። “መጀመሪያ እጫወታለሁ፤ ከዚያ ጥፍሩን እቆርጣለሁ፤ ከዚያ አጎርሳለሁ” አለ። ሁሉም ተስማማ። የጥፍር መቁረጫውን ቦርሳዬ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ።

የሠርጉ ዕለት ሁሉ ነገር ተሟልቶ ሙሽሮቹ ብቻ ጠፉ። ተራራው ከሩቅ ወደሚታይበት ኬሪ ፓርክ ፎቶ ሊነሱ ሄደው ፎቶግራፈሩ ተራራው ከደመና ካልወጣ አላነሳም ብሎ አገታቸው። የሲያትል ተራራ ደግሞ እንደ ፈቃዱ ነው የሚወጣው። እንግዳው አዳራሹን ሞልቶ ያወራል፤ ምግቡ ይሸታል፤ ገመዳ መድረኩ አጠገብ ጊታሩን እየቃኘ እግሩን ያወዛውዛል።

በዚህ መሀል አንዲት ሴት መጥታ ጠራችኝ። እትዬ አዲስአለም ጓዳ በኩል ባለው ክፍል ተቀምጠው ላብ አጥምቋቸዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ስኳር አለባቸው፤ መድኃኒታቸውን ተወግተው ምግብ ዘግይቶባቸዋል። ጁስ ሰጠናቸው፤ አፋቸውን አዞሩ። ሳህን አቀረብኩ፤ ገፉት።

“አልበላም” አሉ። “ጉርሻ መልሼ የወጣሁበት ቤት ሠርግ ነው። እኔ ጉርሻ መልሼ አላውቅም፤ ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ ነሥቶኛል። እሱን ሳላስተካክል ከዚህ ሠርግ እህል አልቀምስም። አባትየውን ጥሩልኝ፤ ያጉርሰኝ። ያን ጥፍር ግን ያንሣልኝ።”

“እትዬ፣ ይታመማሉ እኮ!”

“አባትየውን ጥሪልኝ አልኩሽ።”

ገመዳ ጊታሩን እንዳንጠለጠለ መጣ። “እትዬ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፤ ልጅቱ ትግባና ወዲያው...” ሲል የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። በዚያች ቅጽበት ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገባኝ። አስተማሪው፣ ሀይዌዩ፣ ጥፍር ቤቱ፣ ያ ሁሉ ስድብ፤ ሁሉ ለዛሬ አልነበረም?

“መቁረጫውን አምጪ” አለኝ።

መቁረጫዬ ጭራሽ አልነክስ አለ። አርቲፊሻል ጥፍር ለካ የሰው ጥፍር አይደለም፤ ያንሸራትታል። ገመዳ ከጊታር ሳጥኑ የክር መቁረጫ ጉጠቱን አወጣ። ቀጭ። ቀጭ። አንዱ ተፈናጥሮ የአበባ ማስቀመጫው ውስጥ ገባ። ቀጭ። ቀጭ። እጁን በሳሙና ታጥቦ መጣ፤ ጠቀለለ፤ ዘረጋ። እትዬ አዲስአለም አፋቸውን እስከ መጨረሻው ከፈቱ።

“ድገመኝ” አሉ። ደገማቸው። ጁሱንም ተቀብለው ጠጡ። ፊታቸው ቀስ እያለ ሲመለስ ወለሉ ላይ የተበተነውን ስብርባሪ አዩት።

“ለመሆኑ በሽታ አልነበረም?”

“አይደለም እትዬ። ለጊታር ነው። ልጄ ስትገባ ልጫወትላት ነበር።”

“ታዲያ አሁን በምን ልትጫወት ነው?”

ገመዳ ጣቶቹን አየ። ሙሽሮቹ መጡ የሚል ድምፅ ከውጭ ተሰማ። ተራራው ወጥቷል ማለት ነው።

ገመዳ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጦ ጀመረ። እኔ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ነኝ፤ ከእኔ በቀር የሰማው ያለ አይመስለኝም። ድምፁ የታፈነ ነው፤ እንግዳው ያወራል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ጓዳ ውስጥ ሳህን ይጋጫል። ለበኋላ የተዘጋጀው እሴይ ኪቦርዱ ላይ ተቀምጧል። ደግ ልጅ ነው፤ ሲጨንቀው ሊያግዘው ብሎ ጣቶቹን ወደ ኪቦርዱ ሰደደ። አንድ ከበሮ ብቻ ቢያስነሳ ገመዳ አለቀለት። ልነሣ ስል ከኋላዬ ድምፅ ተሰማ።

“ተው! እጅህን አንሣ!”

እትዬ አዲስአለም ናቸው፤ ከጓዳው በር ላይ፣ ምርኩዛቸውን ወደ እሴይ ቀስረው። እሴይ ሁለቱንም እጁን እንደ ተማረከ ሰው አነሣ። እሳቸው ወደ እንግዳው ዞሩ። “ልስማበት! ሰውየው ጥፍሩን የቆረጠው ለእኔ ብሎ ነው!”

ሐበሻ ሠርግ ላይ ጸጥታ ሲወርድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር። ሳህኖቹ ቆሙ። ልጆቹ በየተገኙበት ተያዙ። ያኔ ከስር ድም፣ ድም፣ ድም የሚለው አውራ ጣት ብቅ አለ፤ ከላዩ ያቺ የመኝታ ሰዓት መዝሙር፣ ለስለስ ብላ፣ በሥጋ ጣት። ሰው ሁሉ ለመስማት ወደ ፊት ዘንበል አለ። ጋሽ ክፍሌ እጁን አተኩረው እያዩ “ጌታ ይመስገን” ሲሉ ሰማኋቸው።

ናኦልና ሃሴት ተያይዘው ገቡ። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። ጊታሩ ዘንድ ሲደርሱ ሃሴት የናኦልን ክንድ ለቀቀች። ቀሚሷን ሰብስባ ወደ አባቷ ጆሮ ጎንበስ አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ በአማርኛ ተናግረናት እንግሊዝኛ እየቀላቀለች ስትመልስልን የኖረች ልጅ ናት።

“አባዬ” አለችው። “ከበሩ ነው የሰማሁህ።”

ገመዳ ዜማው ጠፋው። ዘፋኞቹ ጣቶች ክሩ ላይ ደርቀው ቀሩ፤ እንባው ጊታሩ ላይ ይንጠባጠባል። አውራ ጣቱ ግን አልቆመም። ልጅቱ መድረክ ላይ ወጥታ እስክትቀመጥ ድረስ ብቻውን አስገባት።